ሽበታሙ ድንጋይ

መልኩን ወድጄው ቢሆን ኖሮ ድሮ ተገላግዬ ነበር። መልክ ይረግፋል፤ አንድ ቀን ቀና ብለሽ ስታዪው የወደድሽው ሰው የለም፣ አበቃ። ሀብቱን ወድጄው ቢሆንም ያው ነው፤ በዚያ ዘመን ሀብት ማን ቤት ሲያድር አይተን! እኔ ግን፣ አለመታደል ሆኖ፣ የወደድኩት ጭንቅላቱን ነው። ጭንቅላት ደግሞ ቶሎ አያረጅም። ጥርሱ ረግፎ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ምርኩዝ ይዞ እንኳ አንድ ነገር አንስቶ መተንተን ሲጀምር፣ የያዝኩትን ወንፊት አስቀምጬ አዳምጠው ነበር። እየጠላሁት አዳምጠው ነበር።

ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ታድለሽ፣ ከእንዲህ ያለ ሊቅ ጋር ኖርሽ» አለኝ። እሰይ፣ ታድዬ! አንገቴን ደፍቼ «ይመስገን» አልኩ። ለቀስተኛ ፊት ምን ይባላል? አሁን ግን ለቀስተኛው ተበትኗል፤ የእኔም ዕድሜ ይሉኝታ የሚጠይቅ አይደለም።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። አባቴ ዋናው መንገድ ዳር ጨውና ላምባ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ከልጅነቴ ጀምሮ መምህር ከመሆን ሌላ ተመኝቼ አላውቅም። ታናናሾቼን ሱቁ ጀርባ አሰልፌ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ሀ ሁ እየጻፍኩ፣ አርጩሜ ይዤ አስፈራራቸው ነበር። አባቴ ግድግዳውን ሲያይ ይቆጣል፤ ማታ ግን ለእናቴ «ይቺ ልጅ አስተማሪ ነች» ሲላት እሰማለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ አልበቃ ሲለኝ ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። «ይህ ወደ መምህርነት መንገድ ይሆንሻል» ተባልኩና ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ባለች የገጠር ቀበሌ ተመደብኩ።

ከእኔ የሚበልጡ አባወራዎች ጉልበታቸውን አጥፈው መሬት ላይ እየተቀመጡ ፊደል ቆጠሩልኝ። አንድ ሽማግሌ ስማቸውን መጀመሪያ የጻፉ ቀን ሰሌዳውን ሳሙት። ከዚያ ቀን በኋላ ምኞቴ ምኞት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ እኔ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት አልኩ።

የቀበሌዋ ገበሬ ማኅበር የራሱ ፍርድ ሸንጎ ነበረው። ወሰን ተገፋ፣ ከብት ሰብል በላ፣ ባልና ሚስት ተጣሉ፣ ሁሉም እዚያ ይታያል። ጸሐፊው ለሚሊሺያ ተመልምሎ ሲሄድ የሚጽፍ ሰው ጠፋና «ያቺ የከተማ ልጅ ትጻፍልን» ተባለ። ዋርካው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ከሳሽ ያለውን፣ ተከሳሽ ያለውን መጻፍ ጀመርኩ። የሸንጎው ሰብሳቢ እሱ ነበር።

ሲያዩት ምንም አይደለም። አጭር ነው፣ ግራ ዓይኑ ትንሽ ይንሸዋረራል፣ እግሩ ላይ በረባሶ። ወገኖቹ ከአዊ ናቸው፤ ከእናቱ ጋር በአገውኛ፣ ከሌላው ጋር በአማርኛ ያወራል። ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው አብዮቱ ፈነዳ፤ መሬት ሲደለደል ድርሻዬ እንዳያልፈኝ ብሎ ወደ እናቱ ተመለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው «ይሄ ነው እንዴ ዳኛው?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም።

አንድ ቀን ሁለት ጎረቤታሞች ተካሰው መጡ። በማሳቸው መካከል ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ ክምር አለ፤ መሬት ሲደለደል ያ ክምር ወሰን ተደርጎ ነበር። አንደኛው «ክምሩን ወደ እኔ ገፍቶ መሬቴን በላኝ» አለ። ሌላኛው «ክምሩ አባቶቻችን ካኖሩት ቦታ ንቅንቅ አላለም» ብሎ ማለ። ምስክር የለም፤ ክረምት ስለነበር ሰው ሁሉ ቤቱ ተከቶ ነበር። ሽማግሎቹ «በመሐላ ይለይ» አሉ። እሱ ግን «ሰው ቢዋሽ ድንጋይ አይዋሽም፤ ተነሱ እንሂድ» አለ።

ሄድን። ክምሩን ከላይ ጀምሮ አስነሳው። ከሥሩ ያለው መሬት ምልክት ይሰጠን ይሆናል ብሎ ነበር፤ መሬቱ ግን ጭቃ ብቻ ነው፣ ምንም አይለይም። ሰዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ዳር ቆሜ የሚነሱትን ድንጋዮች አያለሁ። ከላይ የነበሩት ንጹሕ ናቸው። ወደ ታች ሲወረድ ግን ያ ሰዎች የድንጋይ ሽበት የሚሉት፣ ነጣ ብሎ አረንጓዴ የሚመስለው ነገር የበቀለባቸው ይወጡ ጀመር። ሴት ልጅ፣ ያውም ጸሐፊ፣ በሸንጎ መሐል ትናገራለች ተብሎ አይጠበቅም። አፌ ቀደመኝ።

«ሽበታሞቹ ከሥር ናቸው» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እሱም አየኝ።

«ፀሐይ የማያገኘው ድንጋይ እንዴት ይሸብታል?» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሐሳቡ አልሄደልኝም፣ እዚያው ቆምኩ።

እሱ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሽበታም ድንጋይ አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ ፊቱ በራ። «እውነቷን ነው» አለ። «ሽበት የሚያወጣው ላይ ሆኖ ፀሐይና ዝናብ ሲመታው የኖረው ነው። ክምር ሲነሳ ደግሞ የላዩ ይቀድማል፤ ቀድሞ የተነሳው አዲሱ ቦታ ላይ ቀድሞ ያርፋል። ሽበታሙ ከሥር ከተገኘ፣ ይህ ክምር ከሌላ ቦታ ተነስቶ የመጣ ነው።» የማለው ሰውዬ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ አመነ።

እንግዲህ ያን ቀን ነው የሞትኩት። እኔ የጀመርኩትን ሐሳብ ሌላ ሰው ተቀብሎ፣ ሳይጥለው፣ ዳር አደረሰው። ፍኖተ ሰላም ስለ ዓይኔና ስለ ጸጉሬ የሚዘባርቁ ጎረምሶች ሞልተው ነበር፤ አንዱም ግን ያሰብኩትን ተቀብሎኝ አያውቅም። ሰውነቴ ነዘረኝ። ሌላዋ ሴት ወንድ ሲነካት የምትሆነውን እኔ በዚያ ጭቃ ማሳ ላይ፣ በአንድ ሽበታም ድንጋይ ሆንኩ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በያዝኩት!

ከዚያ ወዲያ ሰው ገበያ እንደሚናፍቅ እኔ የሸንጎ ቀን መናፈቅ ጀመርኩ። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትፈርጂ ነበር?» ይለኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ፍጡር የለም። «እርስዎ ያሉት ልክ ነው» ብዬ ላመልጥ ስል «እኔ ያልኩትን አውቀዋለሁ፤ አንቺ የምትይውን ነው የጠየቅሁ» ይላል። እከራከረዋለሁ። አንዳንዴም እረታዋለሁ፤ ስረታው ደስ ይለዋል፣ ከልቡ ይስቃል። «እርስዎ» ማለቴ ቀስ በቀስ ቀርቶ «አንተ» ሆነ። አሁን ሳስበው ያኔ የረታሁት እሱ ስለፈቀደ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይሄም አለ፤ ደስታዬን እንኳ አላምነውም።

ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቦቼን ሲያስጠይቅ እናቴ ራሷን ያዘች። «ይህን ሸውራራ ከየት አመጣሽው? ምኑን አይተሽ ነው?» አለች። «አስተሳሰቡን» አልኳት። እሷም «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለችኝ። አባቴ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «አስተማሪነቱስ?» እኔም በኩራት «እሱ እንዲያውም ያግዘኛል፤ የተማረ ሰው ያከብራል» አልኩት። አባቴ አመነኝ፤ ተጋባን።

የመጀመሪያው ዕድል የመጣው በተጋባን በዓመቱ ነው። ለዘማቾች ከመምህራን ማሠልጠኛው ቦታ ተሰጠ፣ የእኔም ስም ወጣ። እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኩት። እርጉዝ ነበርኩ።

እሱ ሲከራከር አይጮህም፣ አይቆጣም። «ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺን ልሁን» ይላል። ያን ቀንም እንደዚያ አለና እኔን ሆነ። ስለ ታናናሾቼ፣ ስለ ከሰሉ ግድግዳ፣ ሰሌዳውን ስለሳሙት ሽማግሌ፣ እኔ ራሴ ልናገረው የማልችለውን ሁሉ በእኔ ቦታ ሆኖ ተናገረልኝ። እንባዬ መጣ። እንዲህ አውቆኛል ብዬ ልቤ ቀለጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አሁን ደግሞ ሆድሽ ውስጥ ያለውን ልሁን» አለ። ያልተወለደውን ልጅ ሆኖ፣ ሰው በተጨናነቀበት የማሠልጠኛ መኝታ ቤት፣ እናት ዘመድ በሌላት አገር መወለድን ተናገረ። ሲጨርስ ለእኔ ምንም የሚባል ነገር አልቀረኝም፤ የኔን ሁሉ ቀድሞ ተናግሮታል፣ ተናግሮም በትክክል መልሶበታል። «ይቅር፣ በሚቀጥለው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እሱ ቅሪ አላለኝም።

ሁለተኛው ሲመጣ ልጃችን ድክ ድክ ትላለች። ያን ጊዜ መንደር ምሥረታ ታውጆ፣ ቤታችሁን አፍርሳችሁ ሜዳው ላይ በሰልፍ ሥሩ ተብለናል። ጣሪያው ወርዶ፣ ዕቃው ዝናብ ላይ ተቆልሎ፣ እኔ «አሁንስ እሄዳለሁ» አልኩ። «ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺን ልሁን።» ሆነ፤ አሳምሮ ሆነ። ቀጥሎ «አሁን ደግሞ እናቴን ልሁን» አለ። ከተወለዱበት ጎጆ በእርጅና የተነቀሉ፣ ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ ያለ ምራት የቀሩ አሮጊት ሆነ። እዚያው የፈረሰው ግድግዳ ላይ ተቀምጬ «ይቅር» አልኩ።

ጎረቤቴ ባሏ ሲመታት ያበጠ ፊቷን ለሽማግሌ ታሳያለች፤ ሽማግሌም ይፈርድላታል። እኔ ምን ላሳይ? «ባሌ በሚገባ አስረዳኝ» ብዬ ልክሰስ? አንዴ ሞክሬው ነበር፤ የነፍስ አባታችንን «አባቴ፣ እሱ ሲናገር ፈቃዴ ይጠፋል» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄማ ፍቅር ነው» ብለው ባረኩኝ። ፍቅር! እሳቸውም አልተሳሳቱም፣ የከፋው እሱ ነው።

ችግሬን የተረዱልኝ አማቴ ብቻ ናቸው። አማቴ አማርኛ ይችላሉ፣ ግን ቃል አያባክኑም። ልጃቸውን በክርክር የሚያሸንፍ ሰው በቀበሌው ሲጠፋ፣ እሳቸው ግን ሁልጊዜ ያሸንፉት ነበር። በአገውኛ አንድ ነገር ይሉታል። እሱ መተንተን ይጀምራል። እሳቸው ጥጣቸውን ይፈትላሉ። እሱ ያስረዳል፣ እሳቸው ይፈትላሉ፤ ደክሞት ሲጨርስ ያሉትን ሊያደርግ ይነሳል። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን እንዴት እንደሚችሉት ጠየቅኳቸው።

«ልጄን በአፍ አትችይውም» አሉኝ። «አንድ ቃል ከመለስሽለት አለቀልሽ፣ በዚያች ቃል ይገባል። ዝም በይው። ዝም አይነቅዝም።»

ሦስተኛው ዕድል መጣ። ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ደርሳለች። ማስታወቂያውን ያነበብኩት ቡሬ ለገበያ ሄጄ ነው። ዕድሜዬ በገደቡ ጠርዝ ላይ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አልፋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ምዝገባው ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ነው። ለእሱ ትንፍሽ አላልኩም። ለአማቴ ብቻ ነገርኳቸው። «ልጅቱን እኔ እይዛለሁ፤ ሂጂ» አሉኝ።

ግን ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር እያደርኩ እንዴት ዝም እላለሁ? ፊቴን ካየ ያነበዋል። ስለዚህ ሱባኤ ልግባ አልኩ። በእኛ አገር የፍልሰታ ጾም ሲገባ ብዙ ሴቶች ቤታቸውን ትተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በሣር ጎጆ ይሰነብታሉ፤ አንዳንዶቹም በአርምሞ፣ ማለት ቃል ሳይናገሩ፣ ሱባኤያቸውን ይፈጽማሉ። አርምሞ የያዘን ሰው ማንም አያናግርም፣ ባልም ቢሆን። እሱ ደግሞ ለፓርቲ አባልነት ታጭቶ ስለነበር በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መታየት አይፈልግም። በእግዚአብሔር ቤት ከባሌ ልሸሸግ! ጾሙ ሲፈታ ከዚያው በቀጥታ ቡሬ ወርጄ አውቶቡስ ልይዝ ቆረጥኩ። የትምህርት ማስረጃዬንና ጫማዬን በነጠላ ጠቅልዬ ገባሁ።

የነፍስ አባቴ አርምሞዬን ባረኩልኝ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ጠዋት ውኃ እቀዳለሁ፣ ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ የተነከረ ሽንብራ እበላለሁ፣ ዝናቡ የሣሩን ጣሪያ ሲመታ እሰማለሁ። እውነቴን ነው የምለው፣ ከተጋባን ጀምሮ በጭንቅላቴ ውስጥ እኔ ብቻዬን የነበርኩባቸው ቀኖች እነሱ ናቸው። የማስተምረውን የመጀመሪያ ትምህርት በሆዴ እደግመው ነበር። ልጆቹን በቁመት ሳይሆን ዓይናቸው በሚያይላቸው ርቀት እንዴት እንደማስቀምጣቸው ሳይቀር አስቤ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጎጆዬ ውጭ ድምፁን ሰማሁ። ደንግጬ ተነሳሁ። በጭራሮው ግድግዳ ስንጥቅ ሳይ ገሣውን ለብሶ፣ ከነፍስ አባታችን ጋር ደጄ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እኔን አልጠራም። ወደ ጎጆዬ እንኳ አልዞረም።

«አባ፣ እሷን ላናግር አይደለም የመጣሁ» አለ። «አርምሞ ላይ ናት፣ አውቃለሁ። እርስዎን ልጠይቅ ነው።»

አውቆታል! በኋላ እንደነገረኝ ጫማዬ ነው ያስታወቀው። ሱባኤ የሚገባ ሰው ባዶ እግሩን ነው የሚሄድ፤ እሱ አልጋ ሥር ሲያይ የክት ጫማዬ የለም። ጫማ ይዛ ሱባኤ የገባች ሴት ከሱባኤው ወዴት ልትሄድ ነው ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ቡሬ ሄዶ ማስታወቂያውን አነበበ። አሰበ፣ አገኘ፤ እሱ እንደዚህ ነው።

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ። ዝም አይነቅዝም፣ ዝም አይነቅዝም እላለሁ በሆዴ። እሱ ስለ ቅኔ ቤት ዘመኑ ጀመረ፤ ስለ ርሃቡ፣ ስለ ውሾቹ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ስለለመነባቸው ደጆች። አባ ይስቃሉ። እኔም በነጠላዬ ውስጥ ሳቄን አፈንኩ። አልተናገርኩም። ከዚያ ስለ ልጃችን አወራ፤ «እናቴ መቼ ትመጣለች» እንደምትል። አለቀስኩ፣ ግን አልተናገርኩም። በዚህማ አያገኘኝም አልኩ፤ ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር።

በመጨረሻ የወሰኑን ሙግት አነሳ። «አባ፣ ይቺ ሴት እንዴት ያለች አስተዋይ መሰለችዎ» አለ። «እኔ ያገባኋት በአንድ ክምር ድንጋይ ነው።» ነገሩን ሁሉ ለአባ በሚገባ ተረከላቸው፦ የማለውን ሰውዬ፣ ዝናቡን፣ ጭቃውን። ልቤ ቆሞ አዳመጥኩት። ከእኔ ሌላ ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው አለ ለካ! «ክምሩን አስነሳን» አለ። «ይኼኔ እሷ ብድግ አለችና፣ ተመልከቱ፣ ሽበታሞቹ ድንጋዮች ከላይ ናቸው፤ ስለዚህ ክምሩ ከሌላ ቦታ ተነስቶ የመጣ ነው አለች።»

አባ «ይገርማል!» አሉ።

ምን ይገርማል! ከላይ ከሆኑማ ክምሩ ከቦታው አልተነሳም ማለት ነው። የሕይወቴን አንድ ትልቅ ሐሳብ፣ ያኔ የጀመርኩትንና እሱ ዳር ያደረሰውን፣ ገልብጦ የጅል ወሬ አድርጎ በስሜ ለሰው ይነግራል! ደሜ ፈላ። ነጠላዬን ነከስኩ። እሱ ደገመው፤ «ከላይ ናቸው አለች፣ እኔም በዚያ ፈረድኩ።»

«ከሥር ነው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ።

አባ «ልጄ! አርምሞሽ!» አሉ በድንጋጤ። እሱ ብቻ አልደነገጠም። «አባ፣ ይፍቷት» አለ ቀስ ብሎ። አባ ፈቱኝ። ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ «ከላይ አላልኩም፤ ከላይ ቢሆንማ እንዴት...» ብዬ ጀመርኩ። «እንዴት?» አለኝ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ዓይኑ እየበራ፣ «እንዴት? አስረጂኝ።» አስረዳሁት። ተቀመጥኩ። በአንዲት ቃል ገባ።

አባ ትተውን ሄዱ። ዝናቡ ሲያባራ እሱ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺን ልሁን» አለ። እኔን ሆነ። ሂጂ የሚያስብለውን ሁሉ አለ፤ ልጅቱን እናቱ እንደሚይዙ፣ ዕድሜዬ እንደሚያልፍ፣ ሁለት ጊዜ እንደተውኩ ሳይቀር አልደበቀም። «አሁን ማንን ልትሆን ነው?» አልኩት በምሬት፤ «ልጅህን ነው? እናትህን ነው?»

«ዛሬ እኔን ልሁን» አለኝ።

በኑሯችን ሁሉ ራሱን ሆኖ ሲናገር ያን ቀን ነው የሰማሁት። ተመርቄ ዕጣ ሳወጣ የትኛው ጠረፍ እንደሚደርሰኝ እንደማይታወቅ ተናገረ፤ ጦርነቱን አነሳ፤ እነዚህ ቀላሎቹ ነበሩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቅኔ ቤቱን ትቼ ወጥቻለሁ» አለ። «እዚህ የሚያወራኝ ሁሉ ወይ ይፈራኛል ወይ ያጨበጭብልኛል። አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ነው የማስበው?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ወርቅ ቢሰጠኝ፣ ቢያለቅስ፣ እግሬ ላይ ቢወድቅ እሄድ ነበር። በዚህች ግን ተረታሁ፤ ምክንያቱም እኔም ከሌላ ሰው ጋር አስቤ አላውቅም። «ይቅር» አልኩ። ጥቅሌን ይዤ ተከተልኩት። መንገድ ላይ ስለ ድንጋዩ ነገር እየተከራከርን፣ እየሳቅን ሄድን። አዎ፣ እየሳቅን።

ቤት ስንደርስ እሱ ከብቶቹን ሊያይ ወደ በረቱ ሄደ። አማቴ ደጅ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው እጄ ላይ ያለውን ጥቅል አዩ።

«ተናገርሽ?» አሉኝ።

«ተናገርኩ።»

«ምን ብሎ አናገረሽ?»

ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው። «ሽበታሙ ከላይ ነው አለች ብሎ ለአባ ሲነግር ሰማሁ። ተሳስቶ ነበር፤ ላርመው ብዬ ነው» አልኳቸው። እሳቸው እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘን ነው የነበረ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እሱ ነገር ተሳስቶ ያውቃል?»

አያውቅም። የዚያን ሁሉ ዘመን ሙግት ከሳሹ ያለውን፣ ተከሳሹ ያለውን፣ ማን በምን እንደማለ ቃል በቃል ይዞ ነበር የሚዞረው። እኔ ጽፌው የረሳሁትን እሱ ሳይጽፈው ያስታውሰዋል። ያን ድንጋይ በእጁ ይዞ ያገላበጠው እሱ ራሱ ነው። ልጄ ብትጠራኝ፣ ወሬው ቢያስቀኝ እንደማልናገር አውቆ ነበር፤ የተበላሸ ሐሳብ ሲነገር ሰምቼ ግን ዝም ማለት እንደማልችል ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። እኔን የወደደበትን ያንኑ ነገር ወጥመድ አደረገብኝ።

ጥቅሉ ከእጄ ወድቆ ጫማዬ ጭቃው ላይ ተዘረገፈ። አማቴ ጎንበስ ብለው አነሱልኝ። እኔ በዚያች ሰዓት፣ ሳልረግመው በፊት፣ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ምን እንደነበር ልናገር፦ «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩ።